የቪትዝ መሪ ሲከብድ፦ ኮለም ከመግዛትዎ በፊት ቮልቴጁን ይከተሉ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። መኪናው በፈረንጅ 2007 የተሠራ ቶዮታ ቪትዝ ነው፤ ከጃፓን በቀኝ መሪ ተነስቶ ዱባይ ላይ መሪው ወደ ግራ ተቀይሮለታል። ክረምት ከገባ ወዲህ ማታ ማታ፣ የፊት መብራትና ዋይፐር እየሠራ፣ ጠያቂው መኪናቸውን ለማቆም መሪ ሲጠመዝዙ «ፒ/ኤስ» (የመሪ ኃይል እርዳታ) የሚለው ቢጫ መብራት ይበራና መሪው ድንገት ይከብዳል። አጥፍተው ሲያስነሱት ይስተካከላል። ባትሪው ከተቀየረ ሁለት ወሩ ነው። ጋራዥ ሄደው በማሽን ሲታይ ሲ1552 እና ሲ1511 የሚሉ ኮዶች ወጡ፤ «ኮለሙ ሞቷል፣ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ይግዙ» ተባሉ፤ ኮለም የሚባለው የመሪው ዘንግ ከነማገዣ ሞተሩ ነው። የጠየቁት ሦስት ነገር ነው፦ እውነት ኮለሙ ነው? እስኪሠራ መንዳት ያሰጋል? የመሪውን ኮምፒውተር ዘሎ የመሪውን ሞተር በቀጥታ ማገናኘትስ ይቻላል?

ለመጀመሪያው መልሱ፣ በተሰጠው መረጃ ኮለም አይግዙ የሚል ነው። ችግሩ የሚመጣው መብራትና ዋይፐር ሲበራ፣ ሞተሩ በሚኒሞ (ጋዝ ሳይረገጥ) ሲሆንና መኪናው ቆሞ መሪ ሲጠመዘዝ ነው። እነዚህ ሦስቱ የሚገናኙት አንድ ቦታ ላይ ነው፦ የመሪው ሞተር ብዙ አምፔር የሚጠይቅበት፣ ዲናሞው ደግሞ ትንሽ የሚሰጥበት ሰዓት። ኮለም የሚሞት ሰዓት መርጦ አይደለም። የመጀመሪያው ኮድ ሲ1552ም የሚለው ይህንኑ ነው፦ ወደ መሪው ኮምፒውተር የሚገባው ዋናው የኃይል መስመር ቮልቴጅ ትክክል አልሆነም።

ልኬቱ ትርጉም እንዲሰጥ አሠራሩን በጥቂቱ እናንሳ። ቪትዝ የመሪ ዘይትም ፓምፕም የለውም። ከዳሽቦርዱ ሥር፣ ኮለሙ ላይ የተገጠመ የኤሌክትሪክ ሞተር አለ (ከዚህ በታች «የመሪው ሞተር» የምለው ይህን ነው፤ ከመኪናው ሞተር ጋር እንዳይምታታ)። ይህ ሞተር ጠመዝማዛ ጥርስ ባለው ዘንግ አማካይነት አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ጥርስ ያዞራል፤ ጥርሱ የመሪውን ዘንግ ያግዛል። እርስዎ መሪውን ሲጠመዝዙ ደግሞ በዘንጉ መሀል ያለች ቀጭን ብረት በጥቂቱ ትጠማዘዛለች፤ ቶርክ ሴንሰሩ ያቺን መጠማዘዝ ወደ ቮልት ይለውጣታል። ኮምፒውተሩ ቮልቱንና የመኪናውን ፍጥነት አይቶ «ይህን ያህል አምፔር ወደ ቀኝ» ወይም «ወደ ግራ» ብሎ ይወስናል፤ ቆመው ሲሆን ብዙ፣ በ80 ኪሎ ሜትር ሲነዱ በጣም ጥቂት።

አምፔሩን የሚያስተላልፉት በኮምፒውተሩ ውስጥ ያሉ አራት ትራንዚስተሮች ናቸው። ሁለቱ ሲከፈቱ ኤሌክትሪኩ በአንድ አቅጣጫ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ሲከፈቱ በተቃራኒው ያልፋል። ግማሽ ጉልበት ሲያስፈልግ ቮልቴጁን በሬዚስተር አይቀንሱም፤ እጅግ በፍጥነት እየበሩ እየጠፉ፣ የሚበሩበትን ጊዜ በማሳጠር ነው የሚያስተካክሉት። ይህ በሰከንድ 20 ሺህ ጊዜ ገደማ እንዲሆን የሚደረገው ጆሮ ከሚሰማው ድምፅ በላይ እንዲሆን ነው። የሚያልፈውን አምፔር ኮምፒውተሩ ራሱ ይለካል፤ ከታዘዘው ከራቀ ያርማል፤ ማረም ካቃተው ሪሌውን (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ከፍቶ እርዳታውን ያቋርጣል። አንዴ ካቋረጠ በአብዛኛው ቁልፍ ጠፍቶ እስኪበራ አይመለስም። «አጥፍቼ ሳስነሳው ይድናል» የሚሉት ድኖ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ምርመራውን እንደ አዲስ ስለሚጀምር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው ነጥብ አለ። የሞተር ጉልበት የሚወሰነው በአምፔር ነው። ነገር ግን የሚሽከረከር ሞተር ራሱም እንደ ዲናሞ ቮልት ያመነጫል፤ ያ ቮልት ከባትሪው በተቃራኒ ይገፋል፣ ሞተሩ በፈጠነ ቁጥርም ያይላል። ስለዚህ የሚደርሰው ቮልቴጅ ዝቅ ካለ፣ ቀስ ብለው ሲጠመዝዙ መሪው ደህና ይመስላል፤ ፈጠን ሲሉ እጅዎ ላይ «ግትር» ይላል። ይህን በራስዎ መኪና ይሞክሩት። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ መጀመሪያ በዝግታ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ቀጥሎ በፍጥነት። በዝግታው ቀላል፣ በፍጥነቱ ከባድ ከሆነ ወደ ሽቦው ይሂዱ።

አሁን ስለ ሁለተኛው ኮድ። ሲ1511 የቶርክ ሴንሰር ኮድ ነው፤ ጋራዡን ወደ ኮለም የወሰደውም እሱ መሆን አለበት። ግን ይህ ኮድ ቁልፍ በርቶ ሳለ የሴንሰሩን ሶኬት ለፈተና የነቀለ ሰው ሁሉ የሚፈጥረው ነው። ከዚያ በፊት ይኑር አይኑር የሚታወቀው አጥፍቶ እንደገና በማንበብ ብቻ ነው። ኮዶቹን ያስጠፉ፣ ምንም ሶኬት ሳይነካ ችግሩ እስኪደገም ይንዱ፣ ከዚያ ያስነብቡ። ሲ1552 ብቻ ከተመለሰ የሴንሰሩ ነገር አበቃ። ሁለቱም ከተመለሱም መጀመሪያ የሚስተካከለው ኃይሉ ነው፤ ሴንሰሩ የሚሠራበትን ቮልት የሚሰጠው ያው ኮምፒውተር ስለሆነ።

ማሽን ባይኖርዎትም በዚህ ዘመን ቶዮታዎች ላይ ኮዱን በመብራቱ ብልጭታ ማንበብ ይቻላል። ከመሪው በታች ያለው ባለ 16 ቀዳዳ የምርመራ ሶኬት ላይ፣ ቁልፍ ጠፍቶ ሳለ፣ ከላይኛው ረድፍ 4ኛውን ከታችኛው ረድፍ 5ኛ ቀዳዳ ጋር (እሱ 13 ቁጥር ነው) በአጭር ሽቦ ያገናኙ፤ ከዚያ ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ኦን ያድርጉ። የ«ፒ/ኤስ» መብራት ይብለጨለጫል፤ ሌሎች መብራቶችም አብረው ስለሚብለጨለጩ አይደንግጡ። አምስት ጊዜ፣ ትንሽ ዕረፍት፣ ሁለት ጊዜ ካለ 52 ነው፤ ይኸውም ሲ1552። አንድ ጊዜ፣ ዕረፍት፣ አንድ ጊዜ ካለ 11። ሳያቋርጥ በእኩል ምት ከቀጠለ ኮድ የለም። ታችኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ያለው 16 ቁጥር ቀጥታ ከባትሪ የሚመጣ ኃይል ስለሆነ እሱን ከ4 ጋር ካገናኙ ፊውዝ ያቃጥላሉ። ሽቦውን ከመክተትዎ በፊት ሁለት ጊዜ ይቁጠሩ።

ወደ ልኬቱ እንግባ። የሚያስፈልገው ዲጂታል መልቲሜትር፣ ሦስት ሜትር ያህል ተጨማሪ ሽቦ፣ ሁለት ስፒል እና መሪ የሚያዞርልዎ ሰው ነው።

መጀመሪያ ባትሪና ዲናሞ። ሌሊቱን ያደረ ጤነኛ ባትሪ 12.5 ቮልት አካባቢና ከዚያ በላይ ያሳያል። ሞተሪኖው ሲያስነሳ ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። ሞተሩ ተነስቶ በሚኒሞ፣ የፊት መብራት፣ ዋይፐርና የአየር ማራገቢያው በርተው ከ13.5 በላይ ሊቆም ይገባል። አሁን መሪ ይጠምዘዝ። ለቅጽበት ዝቅ ብሎ ከተመለሰ ደህና ነው፤ ወደ 12 ወርዶ እዚያው ከቀረ ቺንጊያው ይንሸራተታል ወይም ዲናሞው ደክሟል። ባትሪ አዲስ መሆኑ ይህን አያድንም፤ እንዲያውም ባትሪ ሲቀየር ማሰሪያው በደንብ ሳይጠብቅ መቅረቱ የተለመደ ነው። ማሰሪያውን በእጅዎ ለማዞር ይሞክሩ፤ ጥቂት እንኳ ከዞረ ያ ብቻውን መልስ ሊሆን ይችላል።

ባትሪው ላይ ያለው ቮልት ደህና ከሆነ ቀጣዩ ጥያቄ፣ ምን ያህሉ መሪው ኮምፒውተር ጋ ይደርሳል የሚለው ነው። ይህን ኦምሜትር አይመልስልዎትም። ከሃያ ቀጭን ክሮች አሥራ ዘጠኙ የተበጠሱ ወፍራም ሽቦ መልቲሜትሩ ላይ «ጢጥ» ይላል፣ ዜሮ የሚጠጋ ኦምም ያሳያል፤ አንዷ ክር ለመልቲሜትሩ በቂ ናትና። 40 ወይም 50 አምፔር ሲጠየቅ ግን አትችልም። ስለዚህ የሚለካው ሽቦው እየሠራ ሳለ ጫፍና ጫፉ መካከል የሚጠፋው ቮልት ነው።

መልቲሜትሩን በዲሲ ቮልት ያድርጉት። ቀዩን ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ላይ ይያዙ (ማሰሪያው ላይ አይደለም፤ እርሳሱ ራስ ላይ)። ጥቁሩን በተጨማሪው ሽቦ አርዝመው ወደ መሪው ኮምፒውተር ያስገቡና፣ ወፍራሙ የኃይል ሽቦ ከሚገባበት ሶኬት ጀርባ ስፒል ሰክተው ያገናኙት። ሶኬቱ አይነቀልም። የቶዮታ የሽቦ ንድፍ ላይ ይህ ጫፍ «ፒአይጂ»፣ የኔጌቲቩ ደግሞ «ፒጂኤንዲ» ተብሎ ይጠራል። ሞተሩን ያስነሱ፣ ረዳትዎ መሪውን ቶሎ ቶሎ ይጠምዝዝ። ጫፍ ላይ ይዞ ከአምስት ሰከንድ በላይ አይቆይ፤ ያኔ የሚያልፈው አምፔር ከፍተኛው ስለሆነ የመሪውን ሞተር ያግላል። ቁጥሩ ቶሎ ስለሚለዋወጥ መልቲሜትርዎ ከፍተኛውን የሚይዝ ቁልፍ ካለው ይጠቀሙበት።

ከ0.3 ቮልት በታች ከሆነ መስመሩ ጤነኛ ነው። 0.5 ካለፈ ፍለጋ ይጀመራል። 1 ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ የመብራቱ ምክንያት ተገኝቷል ማለት ይቻላል። ከዚያ ያንኑ ሥራ ለኔጌቲቩ ይድገሙ፦ ከባትሪው ኔጌቲቭ ራስ እስከ ኮምፒውተሩ ኔጌቲቭ ሽቦ። እዚህ 0.2 በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ አይወደድም። ብዙ ሰው ፖዘቲቩን ለክቶ ኔጌቲቩን ይተዋል፤ ክረምት ላይ የሚዝገው ግን በአብዛኛው ከቦዲ ጋር የሚታሰረው ብሎን ነው።

ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ መስመሩን ከፋፍለው ይለኩ፦ ከባትሪው ራስ እስከ ማሰሪያው፣ ከማሰሪያው እስከ ፊውዙ መግቢያ፣ ፊውዙን ተሻግሮ፣ ከፊውዙ መውጫ እስከ ኮምፒውተሩ። ቮልቱ የጠፋበት ክፍል ራሱን ያጋልጣል። ፊውዙ ኮፈኑ ሥር ካለው ሳጥን ውስጥ ትልቁ ዓይነት ነው፤ ለእንዲህ ያለ መኪና 50 ወይም 60 አምፔር ይሆናል፣ ትክክለኛው ክዳኑ ላይ ተጽፏል። እግሩ ወይም ብሎኑ ወደ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ከተቀየረ ግሏል ማለት ነው፤ ፊውዙ ባይቃጠልም መቀመጫው ላልቷል።

አሁን ስለ እርስዎ መኪና ዋናው ነገር፦ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ መቀየሩ። ቅየራው ሲሠራ ኮለሙ ብቻ አይደለም ጎኑን የሚቀይረው፤ ሽቦውም ይከተለዋል። ሽቦው የተሠራው ኮለሙ በቀኝ እንዲሆን ነበርና አይደርስም፤ ስለዚህ ይቆረጥና ይቀጠላል። ጥሩ ሠራተኛ ወፍራሙን ሽቦ በመዳብ ቱቦ ጨምቆ ያያይዛል። ሌላው ሁለቱን ሽቦ ጠምዝዞ በፕላስተር ይጠቀልላል። ያ ጥምዝ ሽቦ ለዓመታት ሊሠራ ይችላል፤ ከዚያ መዳቡ ይጠቁራል፣ እርጥበት ይገባዋል።

ምን ያህል እንደሚጎዳ በቁጥር እንየው። አንድ ሜትር 4 ሚሜ ካሬ የመዳብ ሽቦ ወደ 4.4 ሚሊኦም ይሆናል። 50 አምፔር ሲያልፍበት የሚበላው 0.22 ቮልት ብቻ ነው። ጥሩ አይደለም፣ ግን መሪ አያከብድም። ጥምዙ ቦታ ላይ 20 ሚሊኦም ብቻ ቢኖር ግን 1 ቮልት ይበላል፤ 1 ቮልት በ50 አምፔር ደግሞ 50 ዋት ሙቀት ነው። ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ፣ ፕላስተር ውስጥ። ሙቀቱ መዳቡን ይበልጥ ያጠቁረዋል፣ የጠቆረው ይበልጥ ይግላል። ስለዚህ የሽቦው መርዘም ሳይሆን መጋጠሚያው ነው የሚፈለገው። መሪውን ለአንድ ደቂቃ ያህል እያረፉ ደጋግመው ከጠመዘዙ በኋላ ቁልፍ አጥፍተው በዳሽቦርዱ ሥር የተጠቀለለውን ሽቦ በጣትዎ እየዳሰሱ ይሂዱ። የሞቀው እሱ ነው። የፕላስተሩ ሙጫ ቀልጦ ወጥቶ ጣት ላይ ከተጣበቀም ሌላ ምስክር አያስፈልግም።

ጥገናው እንዲህ ነው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱና ቢያንስ 90 ሰከንድ ይጠብቁ፤ ኤርባጉ አጠገብ ነው የሚሠሩት። ጥምዙን ቆርጠው ይጣሉት፣ ንጹሕ መዳብ እስኪታይ ሽቦውን ይላጡ። ጠቁሮ ወደ ውስጥ የገባ ከሆነ ቁራጩን ሙሉ ለሙሉ በ8 ሚሜ ካሬ አዲስ ሽቦ ይተኩት። መጋጠሚያው በመዳብ ቱቦ በትክክለኛው መጭመቂያ ይጨመቅ፤ በፒንሳ የተቀጠቀጠ ቱቦ ከጥምዝ አይሻልም። ስታኞ ብቻውን አይታመንም፦ መጋጠሚያው ከጋለ ይላላል፣ ሽቦውንም አድርቆ በንዝረት እንዲሰበር ያደርጋል። ላዩ ላይ በሙቀት የሚጠብ ጎማ አልብሰው ከሚነቃነቅ ብረት ያርቁት። ከቦዲ ጋር የሚታሰረውን ብሎን ፈተው ሥሩን ቀለሙ እስኪለቅ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጉ፣ አጥብቀው ይሰሩ፣ ከታሰረ በኋላ ከላይ ቫዝሊን ይቀቡት። ቫዝሊኑ ከማሰርዎ በፊት ሥሩ አይገባም። የኮምፒውተሩን ሶኬት ነቅለው እግሮቹን ይዩ፤ አረንጓዴ ከሆኑ በኤሌክትሪክ ማጽጃ ስፕሬይ ያጽዱ፣ የሶኬቱ ፕላስቲክ ከጠቆረና የሴቷ እግር ከሰፋች ግን ሶኬቱ ይቀየራል። ጨርሰው ያንኑ ልኬት ይድገሙ። ቁጥሩ ካልወረደ ጥገናው አልተሠራም፣ መብራቱ ለጊዜው ቢጠፋም።

መስመሩ ሁሉ ጤነኛ ሆኖ ችግሩ ከቀጠለ ነው ወደ ኮለሙ የሚኬደው። ቶርክ ሴንሰሩን በኮምፒውተሩ ሶኬት ጀርባ ይለኩ። ሁለት የምልክት ሽቦዎች አሉት፤ ማንም መሪ ሳይነካ ሁለቱም 2.5 ቮልት አካባቢ መሆን አለባቸው፤ ወደ ቀኝ ሲገፋ አብረው ይወጣሉ፣ ወደ ግራ አብረው ይወርዳሉ። (ሌሎች አምራቾች አንዱ ሲወጣ ሌላው እንዲወርድ አድርገው ይሠራሉ፤ የሚታየው ሁለቱ መስማማታቸው ነው።) ሁለት የሆኑት አንዱ ሲዋሽ ሌላው እንዲያጋልጠው ነው። አንዱ ድንገት ከዘለለ፣ ወይም በሁለቱ መካከል ከ0.3 ቮልት በላይ ልዩነት ከታየ ሴንሰሩ ወይም ሽቦው ነው።

የመሪው ሞተር በዚህ መኪና ባለ ካርቦን ሲሆን ሁለት ወፍራም ሽቦ አለው። ኦሙ እጅግ ትንሽ ነው፤ የመልቲሜትሩ ገመዶች ብቻቸውን 0.2 ወይም 0.3 ኦም ስለሚያሳዩ «ይህን ያህል ኦም አለው» የሚል ፍርድ አይስጡ። ማየት የሚቻለው መቋረጡን ነው፦ ሶኬቱን ነቅለው ሁለቱ ሽቦዎች ላይ መልቲሜትር አስገብተው ረዳትዎ መሪውን በጣም በዝግታ ከጫፍ ጫፍ ያዙር። ሞተሩ ራሱ ቮልት ስለሚያመነጭ ቁጥሩ ይዋልላል፤ ስለዚህ በየጥቂቱ ይቁምና ያንብቡ። አንድ ቦታ ላይ ሙሉ በሙሉ ከተቋረጠ ካርቦኑ አልቋል ወይም ኮሚውቴተሩ (ካርቦኑ የሚነካው የመዳብ ቀለበት) ተበልቷል። ሁለቱን ሽቦ እርስ በርስ አገናኝተው መሪውን ቢያዞሩ ደግሞ ከበፊቱ የባሰ ሲከብድ ይሰማዎታል፤ ሞተሩ ፍሬን ሆነ ማለት ነው። አምራቹ በኮምፒውተሩና በሞተሩ መካከል ሪሌ ያስቀመጠው ለዚህ ነው፤ ትራንዚስተር ቢቃጠልና ሁለቱን ጫፍ ቢያገናኝ መሪው እንዳይያዝ። አዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ያለው ሦስት ወፍራም ሽቦ ያለውና ካርቦን የሌለው ሞተር በሌላ መንገድ ነው የሚፈተሸው፤ ይህን አንቀጽ እዚያ ላይ አይጠቀሙበት።

የግድ ያገለገለ ኮለም የሚገዛ ከሆነ ሦስት ነገር ይታይ። የኮለሙ ቁጥር ከነበረው ጋር አንድ ይሁን፤ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ቢገኝ ይመረጣል። ዘንጉ በእጅ ሲዞር እኩል ይሁን፣ የሚይዝ ወይም የሚንኳኳ ቦታ አይኑረው። የመዶሻ ምልክት ያለበትን ዘንግ አይንኩ፤ አንድ ምት ውስጥ ያለችውን ቀጭን ብረትና ሴንሰሩን ከቦታቸው ያስወጣል። ሲፈታ ዘንጉና ክሮቼራው (ዘንጎቹን የሚያገናኘው መታጠፊያ) የተገናኙበት ላይ ምልክት ይደረግ። የኤርባጉ ጠመዝማዛ ሽቦ መሀሉን ካጣ መሪው ሲታጠፍ ይበጠሳል፦ በእጅ ቀስ ብሎ ወደ ግራ እስኪቆም ይዞራል፣ ከዚያ ሁለት ዙር ተኩል ያህል ወደ ቀኝ ይመለሳል።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው፣ ብዙ ጊዜም የሚዘለለው፣ የሴንሰሩ ዜሮ ማስተካከያ ነው። አዲሱ ኮለም «መሀል» የሚለው ቮልት ከበፊቱ በጥቂት ይለያል፤ ኮምፒውተሩ ካልተነገረው ሲ1515 ሊያወጣ ይችላል፣ ማስተካከያው ተጀምሮ ካልተሳካ ሲ1516። እነዚህ «ያመጣነውም ኮለም ተበላሽቷል» የሚያሰኙ ናቸው፤ አይደሉም። መኪናው በደልዳላ ቦታ ይቁም፣ የፊት ጎማዎች ቀጥ ይበሉ፣ ማሽኑ የዜሮ ማስተካከያውን ሲጀምር ማንም መሪውን አይንካ፣ መኪናውን አያወዛውዝ፣ በር አይዝጋ። አንድ እጅ መሪው ላይ አርፎ ከተስተካከለ ኮምፒውተሩ ያንን ግፊት እንደ መሀል ይመዘግበዋል፤ መኪናውም ወደ አንድ ጎን ይስባል። ሰውየው አላይመንት ቢያሠራ፣ ጎማ ቢቀያይር አይለቀውም። መለያው ቀላል ነው፦ ሰው በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ፣ ቁልፍ አጥፍተው የመሪውን ፊውዝ ነቅለው በዝግታ ይንዱ። መሳቡ ከጠፋ ዜሮው ነው፤ ካልጠፋ ጎማና አላይመንት።

መብራት ሳይበራ መሪው የሚከብድ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። አንዱ ምክንያት ብልሽት አይደለም፦ ጠባብ ቦታ ላይ ደጋግመው ወደፊትና ወደኋላ ሲሉ ኮምፒውተሩ የሞተሩን ሙቀት አስልቶ አምፔሩን ይቀንሳል። አሥር ደቂቃ ያህል መሪውን ካልነኩት ይመለሳል። ሌላው የጎማ ንፋስ ማነስ ነው። ከዚያ ክሮቼራው መድረቁ፣ ወይም የሾክ አብዞርበሩ ላይኛው ኩሽኔታ መያዙ። የፊቱን በክሪክ አንስተው፣ ሞተር ጠፍቶ በእጅ ያዙሩት፤ ጎማው አየር ላይ ሆኖም ከከበደ ኤሌክትሪኩን ይተዉት።

መንዳቱን በተመለከተ፦ መሪው ከጎማው ጋር በብረት የተገናኘ ስለሆነ ኃይሉ ቢቋረጥም መኪናው ይታዘዛል። አስጊው ክብደቱ ሳይሆን ድንገተኛነቱ ነው፤ አደባባይ ላይ በግማሽ መታጠፊያ ሲከብድ ሰው እጁ ይቀራል። ስለዚህ እስኪሠራ ድረስ የሚበራና የሚጠፋ እርዳታ ይዞ ከመንዳት፣ ቁልፍ አጥፍተው የመሪውን ፊውዝ ነቅለው ወጥ በሆነ ክብደት እስከ ጋራዥ መንዳት ይሻላል። መብራቱ እንደበራ ይቆያል። በተቃጠለ ፊውዝ ምትክ ሽቦ መክተት ግን አይታሰብ፤ እሳቱ የሚነሳው ያ የተጠመዘዘ መጋጠሚያ ጋ ነው።

ኮምፒውተሩን መዝለልስ? አይቻልም። የመሪው ሞተር ወደየት መዞር እንዳለበት አያውቅም፤ ቀጥታ 12 ቮልት ከተሰጠው መሪውን ከእጅዎ ነጥቆ ወደ አንድ ጎን ይወስደዋል። የፍጥነት ምልክቱን ቆርጦ «ሁልጊዜ ቀላል እንዲሆን» የሚሉም አሉ፤ ይህም የራሱን ኮድ ያወጣል።

በነገራችን ላይ፣ ከ2024 ወዲህ በብዛት የገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ይህ ችግር አይቀርላቸውም። በአብዛኞቹ የመሪው ሞተር የሚሠራው ከትልቁ ባትሪ ሳይሆን ከትንሿ 12 ቮልት ባትሪና እሷን ከሚሞላው መቀየሪያ ነው። ያቺ ባትሪ ስትደክም የመሪ መብራት ከሌሎች አምስት መብራቶች ጋር አብሮ ይበራል፤ መጀመሪያ የምትለካው እሷ ናት። ከፍተኛ ቮልቴጅ ከሚያልፍባቸው ብርቱካናማ ሽቦዎች ግን እጅዎን ያርቁ።

ልኬቱን ሲጨርሱ አራት ቁጥር ጽፈው ይላኩ፦ በሚኒሞ ሁሉም በርቶ ባትሪው ላይ ያለው ቮልት፣ መሪ ሲጠመዘዝ ያለው፣ በፖዘቲቩ መስመር የጠፋው፣ በኔጌቲቩ የጠፋው። ከእነሱ ጋር፣ ኮዱ ከጠፋ በኋላ የተመለሰው የትኛው እንደሆነ ይጨምሩ።